ደሙን የቆለፈችው ሴት

የድሮ ባልደረባዬ ሙክታር ደውሎ «ኤዶ ሆዳን ሞተች» ሲለኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «አሁን?» የሚል ነበር። ዛሬ ነው ወይስ ትናንት ብዬ መጠየቄ አልነበረም። ምን ለማለት እንደፈለግኩ እኔም አላውቀውም፤ ምናልባት ገና ያልጨረስነው ጠብ ስለነበረን ይሆናል። ለሕክምና ጅግጅጋ ሄዳ እዚያው አርፋ፣ እዚያው ቀብረዋታል። «ነፍስ ይማር» ማለት ነበረብኝ። ለጠላትም ይባላል። አላልኩም። ሙክታርም «እኔንም እንዳንቺ ነው ያደረገኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ሰው ሲሞት ደግ ደጉን ለቅመው ነው የሚያወሩለት። እኔ ስለዚህች ሴት ብለቅም ብለቅም እጄ ላይ የሚቀረው ሌላ ነው። ስድቧ፣ አስተያየቷ፣ በር አዘጋጓ። ሐርጌሳ ከመጣሁ ወዲህ ደግ ሰዎችም አጋጥመውኛል፤ ምግብ ያካፈሉኝ፣ ስታመም ያስታመሙኝ። የብዙዎቹን ስም ረስቻለሁ። የሆዳንን ግን የጋውኗን ቁልፎች ሳይቀር አስታውሳለሁ።

«ኤዶ» በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ክሊኒኩ ውስጥ ሁሉም እንደዚያ ይጠራት ነበር፤ ከአክብሮት ይልቅ ከፍርሃት። በዕድሜ እናቴ ስለምትሆን ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ፤ በልቤ ግን አንድም ቀን አንቱ ብያት አላውቅም። ስለሞተች ደግሞ አሁን አልጀምርም።

አገሬ ላይ የምሠራበት ሆስፒታል በጦርነቱ ተዘረፈ። ማይክሮስኮፕ፣ ፍራሽ፣ የመስኮት መጋረጃ ሳይቀር ተጭኖ ሄደ። የላቦራቶሪ ባለሙያ ያለ ላቦራቶሪ ምንም ስለሆነ ሥራ ፍለጋ ወጣሁና ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ደረስኩ። የክሊኒኩ ባለቤት ሐጂ ጃማ በእንግሊዝኛ እየሳቀ ተቀበለኝና «የላቦራቶሪው ኃላፊ ካየችሽ በኋላ እንነጋገራለን» ብሎ ወደ ውስጠኛው ክፍል መራኝ።

ሆዳን ወንበር ላይ ተቀምጣ ሻይ እየጠጣች ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያንጠለጠለች ሴት። ዲግሪዬን ዘረጋሁላት። አልነካችውም።

«በእናንተ አገር ማሽን ሲሠራ አይተሻል ወይስ ሲመረቅ ብቻ?» አለችኝ በአማርኛ።

አማርኛዋ የድሬዳዋ ነው፤ ፈጣን፣ ከ«አንተ» እና ከ«አንቺ» ሌላ የማያውቅ። ደንግጬ «ሠርቼበታለሁ» አልኩ። ተነስታ ከማሽኑ ውስጥ አንድ ትንሽ ጠርሙስ አወጣችና ብርሃን ላይ ያዘችው። ውስጡ ቡናማ፣ ድፍርስ ውሃ ነበር።

«ይሄ ብረት ነው» አለች። «በዓይን የማይታይ የማግኔት ብናኝ። እያንዳንዷ ብናኝ ላይ አንቲቦዲ ተለጥፎባታል። ደሙ ውስጥ የምንፈልገው ነገር ካለ፣ የጉበት ቫይረስም ይሁን የእርግዝና ሆርሞን፣ ብናኙ ይይዘዋል። ከዚያ ማሽኑ ከጎን በማግኔት ይስበዋል። ብናኙ የያዘውን እንደያዘ ቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ የቀረው ታጥቦ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የተያዘው ነገር እንዲያበራ ይደረጋል። ካበራ በሽታው አለ፤ ካላበራ የለም። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«አልገባሽም። ብናኙ ሳይበጠበጥ ቀርቶ ከታች ቢዘቅጥ ማሽኑ ምን ይላል?»

«ስህተት ይላል።»

«ስህተት ቢልማ ጥሩ ነበር። ምንም አይልም። መርፌው ከላይ ያለውን ውሃ ብቻ ይቀዳል። ብናኝ ከሌለ የሚይዝ የለም፤ የሚያበራም የለም። ወረቀቱ ላይ ‹ነጻ› ብሎ ይጽፍልሻል። አንቺ ደግሞ በሽተኛውን ከነበሽታው እንኳን ደስ ያለህ ብለሽ ትሸኚዋለሽ።» ጠርሙሱን እጄ ላይ አኖረችውና ወደ ሻይዋ ተመለሰች። «ነገ ጠዋት ነይ። ብታረፍጂ አትምጪ።»

የተቀጠርኩት እንደዚህ ነው።

ከእኛ ጋር የሚሠራው ሌላው ባለሙያ ሙክታር ነበር፤ የሐርጌሳ ልጅ ሆኖ ጅግጅጋ የተማረ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ የሚቀልድ። የሆዳንን ታሪክ ከእሱ ነው የሰማሁት። ኮረዳ ሳለች ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ ከእናቷ ጋር በእግሯ ወደ ኢትዮጵያ ተሰዳለች። መጠለያ ጣቢያ ኖራ፣ ድሬዳዋ ተምራ፣ ወደ አገሯ የተመለሰችው የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆና ነው። አንድ ቀን ራሷን ጠየቅኳት፤ አማርኛውን እንዴት እንዲህ እንደቻለችው።

«መጠለያው ውስጥ በዱላ ሰልፍ ከሚያስይዘን ሰውዬ ነው የተማርኩት» አለች ቀና ሳትል። «የመጀመሪያው ቃሌ ‹ወደ ኋላ!› ነው። አሁን ደግሞ እናንተ ናችሁ ሰልፍ የያዛችሁት። አቦ፣ ተራ ነው፤ ቻዪው።»

እንደዚህ ነበረች። ስሜ ማርታ ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት ግን «አንቺ ሐበሻ» ነበርኩ። ሙክታርን «አንተ የጅግጅጋ» ትለዋለች። ስም በትክክል ያልተጻፈበት የደም ቱቦ ካገኘች በሽተኛው ፊት ቆሻሻ ውስጥ ትጥለውና «ሌላ ክንድ ስጥ» ትላለች። ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጣችው ማግኔት አለ። ጠዋት ጠዋት ከሰላምታ በፊት ያቺን ማግኔት ጠርሙሱ ጎን ላይ ታስጠጋና ብናኙ እንዴት እንደሚሰበሰብ ታያለች። እንደ ቀለም ልስልስ ብሎ ከመጣ ሥራ ይጀመራል። ሰላምታው ብዙ ጊዜ ከነጭራሹ አይመጣም።

ከሁሉ በፊት ቂም የያዝኩባት በአንዲት የወሎ ልጅ ምክንያት ነው። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ናት። አሠሪዋ ክንዷን ይዛ አመጣቻትና የእርግዝና ምርመራ እንዲሠራላት አዘዘች። ደሙን ቀዳሁ፣ ማሽኑ ሠራ፣ ወረቀቱ ወጣ። አሠሪዋ መስኮቱ ላይ እጇን ዘረጋች።

«ወረቀቱን ስጪኝ።»

ሆዳን ከኋላዬ መጥታ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው። «ደሙ ያንቺ ነው?»

«ደመወዟን የምከፍላት እኔ ነኝ።»

«ደሟንም አብረሽ ገዝተሻል?»

ሴትዮዋ ጮኸች፤ ሐጂ ጃማ ከቢሮው ወጣ። ሆዳን ወረቀቱን ገንዳው ውስጥ ጨመረችና ቧንቧውን ከፈተችበት። ቀለሙ እየፈሰሰ ሁላችንም አየን። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞራ በአማርኛ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ «አንቺስ ምላስሽን የት ጣልሽው? ክንድሽን ዘርጊ ያለሽ ሁሉ ፊት ትዘረጊያለሽ?» አለቻት። ልጅቷ እዚያው አለቀሰች። አሠሪዋ የክሊኒኩ በር ላይ ከሥራ አባረረቻት፤ ልብሷን እንኳ በሌላ ሰው ነው የላከችላት። እኔ ክፍሌ ወሰድኳት።

በማግስቱ ሆዳንን «እርስዎ ባይሳደቡ፣ ሴትዮዋን በለሰለሰ ቃል ቢመልሷት፣ ልጅቷ ሥራዋን አታጣም ነበር» አልኳት።

«ውጤቷን ነግረሻታል?»

«ነግሬያታለሁ።»

«ለሌላ ሰውስ?»

«ለማንም።»

«በቃ። እኔ ሥራ አስቀጣሪ አይደለሁም» ብላ ጓንቷን አጠለቀች።

እውነቱ ከሆዳን ጋር ነበር፤ ያለ ሥራ የቀረችው ግን ልጅቷ ናት። ከሆዳን ጋር የነበረኝ ነገር ሁሉ መልኩ ይሄ ነው።

ከሐርጌሳ በስተምሥራቅ ሌላ ጦርነት ሲጀመር ከተማዋ ፊቷን ቀየረች። ቁስለኛ የጫኑ መኪናዎች ይገባሉ። በየመንገዱ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና «ደም ስጡ» እያለች ትዞራለች። ሆስፒታሉ ደም የሚመረምርበት ማሽን ስላልነበረው ለጋሾቹን ወደኛ መላክ ጀመረ። እኛ እንቀዳለን፣ እንመረምራለን፣ ከረጢቱን እንልካለን። ከመሐመድ ሞጌ ሰፈር ነጋዴው፣ ከአያሃ ሰፈር የቀን ሠራተኛው እየተጫነ መጥቶ ግቢውን ሞላው። እኔ ከአንድ ጦርነት ሸሽቼ ሌላው መሃል ገባሁ ብዬ አዘንኩ። ማንን እንደምደግፍ የሚጠይቀኝ ሰው ስለማይጠፋ ከክሊኒኩ ውጭ አማርኛ መናገር ተውኩ።

የሆዳን ግን ባሰ። አባቷ የዚሁ የሐርጌሳ ሰው ነው፤ እናቷ ግን ጦርነቱ ካለበት ከተማ ናት። አጎቶቿ በወዲያኛው ወገን እንዳሉ ሁሉም ያውቃል። ነርሶቹ እሷ ስትገባ ወሬ ያቆማሉ። ሐጂ ጃማ በየጠዋቱ እየሳቀ «ቤተሰቦችሽ እንዴት ናቸው?» ይላታል። «አልሐምዱሊላህ፣ ከወገኖችህ መድፍ ሥር ናቸው» ትለዋለች፤ እሷ አትስቅም።

በዚህ መሃል ሪኤጀንቱ፣ ያ የብናኝ ጠርሙስ፣ የሚቀመጥበት ፍሪጅ ተበላሸ። ሐጂ ጃማ አዲስ እገዛለሁ ብሎ አንድ አሮጌ ፍሪጅ ከቤቱ አስመጣ። ሆዳን ከፍታ አየችውና «ይሄ የሥጋ ፍሪጅ ነው፤ ጠርሙሱን በረዶ ያደርገዋል» አለችው። «ለጊዜው ነው» አላት። ለጊዜው ተብሎ ቀረ።

አንድ ጠዋት ሆዳን አረፈደች። በኋላ እንደሰማነው መንገድ ላይ ፈታሾች አስቁመዋት፣ የእናቷን አገር ጠይቀው ፀሐይ ላይ አቁመዋት ነበር። ግቢው በለጋሾች ተጨናንቋል። ሐጂ ጃማ መጥቶ «የጠዋቱን የማሽን ፍተሻ ተዉት፣ ሰዎች እየሞቱ ነው፣ በቀጥታ ጀምሩ» አለን። ጀመርን። ማሽኑ ያለ ማቋረጥ ሠራ። ኮሪደሩ ላይ የወታደር ልብስ የለበሰ ሰው የበረዶ ሳጥን ይዞ ይጠብቃል። ታናሽ ወንድሙ ሊባን ሆድ ዕቃው ተመትቶ ሆስፒታል ተኝቷል። ደሙ ኦ ኔጋቲቭ ስለሆነ እንደልብ አይገኝም፤ ያን ጠዋት ከለጋሾቹ መሃል አንድ ሰው ብቻ ገጥሞለት ከረጢቱ በስሙ ተለይቶ ተቀምጧል።

ሆዳን የገባችው ከረጢቶቹን ልናስረክብ ስንል ነው። ፊቷ በአቧራና በላብ ተለውሷል። ሙክታር ሊያስደስታት ብሎ «ማሻአላህ ኤዶ፣ ዛሬ አንድም በሽታ የለም። ሰው ሁሉ ነጻ ነው» አላት።

ቆመች። «ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ያለኸው ሐርጌሳ ነው ወይስ ጀነት?»

ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በሽታ እንዳለበት የምናውቀውን፣ ለፍተሻ የተቀመጠውን የደም ውሃ፣ ሴረሙን፣ አወጣችና ማሽኑ ላይ ጫነች። ውጤቱ ወጣ። ነጻ። ያ በሽተኛ ደም «ነጻ» ተባለ። ጠርሙሱን አውጥታ ማግኔቷን አስጠጋች። ብናኙ እንደ ቀለም አልመጣም። እንደ አሸዋ ጓል ጓል ብሎ ተጎተተ፣ ግማሹም ከታች ቀረ።

«በረዶ ሆኖ ቀልጧል» አለች። «የሠራችሁት ሁሉ ውሃ ነው።»

የደም ከረጢቶቹን ፍሪጅ ቆለፈችና ቁልፉን ጨበጠች። ሙክታርን የጉበትና የኤችአይቪ መመርመሪያ ስትሪፕ ከፋርማሲ እንዲያመጣ በጓሮ በር ላከችው። የእኛ ስትሪፕ ጦርነቱ በጀመረ ሰሞን አልቆ ነበር። ከዚያ የላቦራቶሪውን በር ከውስጥ ዘጋችው። እኔም ውስጥ ነበርኩ።

የሊባን ወንድም ሲያንኳኳ በትንሿ መስኮት «ደሙ አልተመረመረም፣ ጠብቅ» አለችው። ወሬው በአንድ አፍታ ግቢውን አዳረሰው። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ በሶማሊኛ የእናቷን ጎሳ ስም እየጠሩ ሲጮኹ ግን ሰማሁ። «ሆን ብላ ነው! ልጆቻችንን ልታስጨርስ ነው!»

ከሆስፒታሉ ሐኪሙ ደወለ። ድምፁን ክፍት አድርጋው ነበርና ሁሉንም ሰማሁ። «የሊባንን ከረጢት ላኪልኝ፤ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» አላት።

«ውሰድ። ደሙን ግን አልሰጥህም።»

«ልጁ እየሞተ ነው፣ ሆዳን!»

«እዚህ ካሉት ከረጢቶች አንዱ ወይም ሁለቱ በሽታ አለባቸው። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ሳውቅ እልካለሁ።» ዘጋችበት።

ያኔ ነው እኔ የፈነዳሁት። «በጉበት ቫይረስ ሰው ዓመታት ይኖራል» አልኳት። «ያለ ደም ግን ዛሬን አይኖርም። ይሄን እርስዎ ያጡታል? የልጁን ብቻ ይስጡት!»

«አንዴ ሰጥቻለሁ» አለች። «ከስደት በተመለስኩ ሰሞን፣ ሐርጌሳ ውስጥ እርስ በርስ የተዋጋን ጊዜ። ሳልመረምር ሰጠሁ። የሰጠሁት ለባሌ ነው። ጉበቱ በስብሶ ሞተ።»

ስለ ባሏ ስትናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን አዝንላት ነበር።

«ደሙን ከወሰደ በኋላ ምን ያህል ኖረ?» አልኳት።

ወደ ፍሪጁ ዞረች። «ሁለት ልጅ እስክንወልድ።»

«ለዚህ ልጅ ይሄ ትንሽ ነው?»

አልመለሰችልኝም። ዛሬም ድረስ አልመለሰችልኝም።

በሩ ተመታ፤ ማጠፊያው ተነቀለና ተከፈተ። የሊባን ወንድም ገባ፤ ከኋላው ሁለት ሌሎች፣ ከእነሱ ኋላ ሐጂ ጃማ። ወንድምየው ጠመንጃውን አልደቀነም፤ ግን በእጁ ነው። «ቁልፉን» አለ። ሐጂ ጃማ ደግሞ «ስጪው፣ አላህን ፍሪ፣ ክሊኒኬን ልታስቃጥይው ነው» ይላል። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ «እዚህ የምሞተው በማን ጠብ ነው?» እላለሁ በሆዴ።

ሆዳን ቁልፉን አሳየቻቸው። ከዚያ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበትን ቢጫ ካርቶን፣ ሴፍቲ ቦክሱን፣ ጠረጴዛው ላይ ሳበችና ቁልፉን በቀዳዳው ለቀቀችው። መርፌዎቹ መሃል ሲወድቅ ኮሽታው ተሰማ።

«የፈለገ እጁን ይክተት» አለች። «የበሽተኛ ሁሉ መርፌ ነው ያለው። ግባ፤ ወንድ ከሆንክ አውጣው።»

ወንድምየው ካርቶኑን አየ። እጁን አነሳ፤ መለሰው። ሰደባት፤ እናቷን ሰደበ፤ ወንበሩን በእርግጫ መታው። ካርቶኑን መቅደድ ወይም ፍሪጁን በጥይት በርግዶ መክፈት ይችል ነበር። ያላደረገው መርፌውን፣ ወይም ከረጢቶቹ እንዳይፈነዱ፣ ፈርቶ ይመስለኛል። መሬት ላይ ተቀመጠና ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ደፋ። እሷ መነጽሯን በጋውኗ ጠረገች። አንድ ለስላሳ ቃል አልወጣትም። «ጠብቅ፤ ትንሽ ነው የቀረው» ማለት እንኳ አልቻለችም።

ሙክታር መጀመሪያ ያመጣው ስትሪፕ አልሠራም። የታወቀውን በሽተኛ ሴረም ስትነካበት ነጻ አለ፤ ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ወረወረችው። ሙክታርን መልሳ ላከችው። ሁለተኛውን ሊፈልግ ከተማውን አቋርጦ ሄደ። ይዞ ሲመለስ የቀትር ሶላት አዛን እየተሰማ ነበር። ይሄኛው ሠራ። ሆዳን የካርቶኑን ጎን በመቀስ ቀድዳ በረጅም መቆንጠጫ፣ በፎርሴፕስ፣ ቁልፉን አወጣችና መጀመሪያ የመረመረችው የሊባንን ከረጢት ነው። ነጻ። ስትሪፑን ደገመችው። ነጻ።

ወንድምየው የበረዶ ሳጥኑን ይዞ ሲሮጥ ስልኩ ጮኸ። ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ሳጥኑን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠው፤ ምንም ሳይል ወጣ። ያኔ ገባን።

የቀሩትን ከረጢቶች መመርመሯን አላቆመችም። ሙክታር እያለቀሰ ይጽፋል፣ እሷ ስትሪፕ ላይ ደም ታንጠባጥባለች። ሁለቱ ላይ የጉበት ቫይረስ ተገኘ። በቀይ ምልክት አድርጋ ለየቻቸው። «እነዚህን አቃጥሏቸው፤ ሌሎቹን ላኩ» ብላ እጇን ታጠበች። ተሳስቼ አይደለም፤ ፊቷን በደንብ አይቼዋለሁ። እንባ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ሐጂ ጃማ አሰናበታት። ስለ ተበላሸው ሪኤጀንት፣ ስለ ሥጋው ፍሪጅ፣ ስለ ሁለቱ ከረጢቶች አንድም ቃል እንዳንናገር አስጠነቀቀን። ከተማው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ለእናቷ ወገኖች ስትል ቁስለኛ ያስገደለች ሴት። ቤቷ በር ላይ ድንጋይ ተወረወረ። ሱቆች አንሸጥልሽም አሏት። እኔም ከሰው ፊት አልተከራከርኩላትም፤ ምክንያቱ ውሸት ቢሆንም ጥላቻቸው ግን የእኔም ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ሐጂ ጃማ ጠራኝ። የሟቹ እናት ሆዳንን ካላየሁ ብላለች፤ የቀረው ልጇ ሆዳንን ወይም ራሱን እንዳያጠፋ ፈርታ ነው ይባላል፤ ከራሷ አፍ እውነቱን ካልሰማሁ አላርፍም ብላለች አለኝ። «ዛሬ ቤቷ ትሄዳለች፤ ቀድመሽ ሂጂና ለሆዳን ንገሪያት» አለኝ። «የልጁ ከረጢት በሽታ ነበረበት ትበል። ብሰጠውም አይተርፍም ነበር ትበል። እናትየዋ ታርፋለች፣ ወንድምየው ጠመንጃውን ያስቀምጣል፣ እሷም ትድናለች፣ ክሊኒኩም ይድናል። ይሄ ማንን ይጎዳል?»

እውነቱን ለመናገር እኔም ማንንም የሚጎዳ አልመሰለኝም።

መሐመድ ሞጌ ቤቷ ድረስ ሄድኩ። የፊት መስኮቷ መስታወት የለውም፤ በካርቶን ሸፍናዋለች። ሐጂ ጃማ ያለኝን አንድ በአንድ ነገርኳት። እግሯን አጣጥፋ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። ሐሳቤን የጠየቀችኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

«ይበሉ እላለሁ። ሞቷል። እናቱ ትተንፍስ። እርስዎም ይተንፍሱ።»

«እም» አለች።

እናትየዋ ገቡ። አጭር፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት፣ ጥቁር ሻሽ ያደረጉ። የሊባን ወንድም በሩ ላይ ቆመ። ሆዳን ተነስታ ቦታ ለቀቀችላቸው፤ አልተቀመጡም። ሶማሊኛዬ ለዚህ ንግግር ይበቃ ነበር፤ ቃላቱ ጥቂት ናቸው።

«ለልጄ የተቀመጠለት ደም በሽታ ነበረበት?» አሉ እናትየዋ።

ሆዳንን አየኋት። በዓይኔ ለመንኳት።

«አልነበረበትም» አለች።

«ንጹሕ ነበር?»

«ንጹሕ ነበር። ሁለት ጊዜ መርምሬዋለሁ።»

«ጠዋት ብትሰጪው ይተርፍ ነበር?»

«ሊተርፍ ይችል ነበር። የያዝኩት እኔ ነኝ። ንጹሕ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሌሎች ሁለት ከረጢቶች በሽታ ነበረባቸው፤ የእሱ ግን አልነበረበትም።»

ወንድምየው ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባ። እናቱ ወደ ኋላ ሳይዞሩ እጃቸውን ዘርግተው ደረቱ ላይ አኖሩና አቆሙት። እኔ በዚያች ደቂቃ ሆዳንን የጠላኋትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም። አንዲት ቃል ነበር የተጠየቀችው። እናትየዋ ደግሞ ተጠግተው ፊቷን አዩ፤ አንድ ነገር እንደሚፈልጉ፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው እንደሌለ ሁሉ።

«ሁሉም ሌላ ሌላ ነገር ነው የነገረኝ» አሉ በመጨረሻ። «እውነቱን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።» ከዚያ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ በጸጥታ፣ ልጃቸውን እየገፉ ሲወጡ ከበሩ ላይ ዞሩ።

«አላህ ይቅር አይበልሽ» አሏት።

«አሚን» አለች ሆዳን፤ ዱዓ እንዳደረገ ሰው ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አሳለፈች። የምሯን ነበር።